በሰፌድ ላይ የተቀላቀለው ኪኒን

ስወድቅ ራሴን አይቼ አላውቅም። ጂንካ ውስጥ ያላየኝ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁ ነገር መሀሉ ላይ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳውን የደፈንኩት ሰዎች በነገሩኝ ነው፤ የነገሩኝ ደግሞ እርስ በርሱ አይገጥምም። አንዳንዱን አምኜ አንዳንዱን እየተጠራጠርኩ ነው የምጽፈው፤ እናንተም እንደዚያው አንብቡት።

ያን ጊዜ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ ተፈትኜ፣ ቤት ተቀምጬ ነበር። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ከጂንካ መውጣት። ጂንካን ጠልቼ አይደለም። የሚጥል በሽታ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለያዘኝ እማዬ ብቻዬን ወንዝ እንኳ አትልከኝም ነበር። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልችልም። እግሬ የሚሄድበት ሲያጣ ቤት ውስጥ ይንጎራደዳል።

ስወድቅ ከአፌ የሚወጣው አረፋ የነካውን ሰው በሽታው ይይዘዋል ይባላል። ስለዚህ ማንም አይነካኝም። ክብሪት ይጭሩና ክንዳቸውን ዘርግተው ጭሱን ወደ አፍንጫዬ ይሰዳሉ። ትምህርት ቤት ለሦስት የሚሆነው ዴስክ ለኔ ብቻ ነበር። ደቦ ላይ ሸፈሮ የምንለው የቡና ገለባ መጠጥ በአንድ ቅል ሲዞር፣ እኔ ጋ ሲደርስ ቅሉ ይዘለኛል። ጸሎት ተደርጎልኛል፤ ሥር ጠጥቻለሁ፤ አንገቴ ላይ ነገር ታስሮልኛል፤ እሱን ደግሞ የጸሎት ሰዎች በጥሰው ጥለውታል። እኔ መውደቄን አልተውኩም።

ታዲያ አንድ ዶክተር ከአዲስ አበባ መጣና የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሁሉ ሆስፒታል አስጠራ። ዶክተር መኮንን እለዋለሁ፤ ስሙ አይደለም። ቀጭን፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚጠርግ ሰው ነው። ከየተራራው የመጡት አሪዎች ብዙዎቹ አማርኛ አይሰሙም። እኔ በእናቴ አሪ ነኝ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ አማርኛዬን አጥርቻለሁ። እናም ከበሽተኞቹ መካከል ተነስቼ አስተርጓሚ ሆንኩ።

«ሁለት መድኃኒት አለ» አለ ዶክተሩ። «አንዱ የቆየ ነው፣ አንዱ አዲስ። አዲሱ ይሻል እንደሆነ ነው የምናጠናው። የቱ ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ነው። መልካቸው አንድ ነው። እናንተም የቱን እንደምትወስዱ አታውቁም፣ እኔም አላውቅም። ጥናቱን አልፈልግም ያለ የቆየውን ይዞ መሄድ ይችላል።»

ተረጎምኩት። ጋሽ ያዕቆብ የሚባሉ፣ ከተራራው የመጡ ገበሬ፣ እሳት ላይ ወድቀው ግራ እጃቸው የተኮማተረ ሽማግሌ፣ በአሪኛ አንድ ነገር ተናገሩና ሁሉም ሳቀ።

«ምን አሉ?» አለኝ ዶክተሩ።

«የሚሰጠውን የማያውቅ ሐኪም ከየት አመጡልን ነው የሚሉት።»

ዶክተሩም ሳቀ። «ካወቅኩ አዳላለሁ በያቸው። አዲሱን የወሰደውን ሰው ሳየው፣ ሳይሻለው የተሻለው ይመስለኛል።»

ይህን ለመተርጎም ተቸገርኩ። ለራሴም አልገባኝም ነበር። ሰው አንድን ነገር ለማወቅ ብሎ እንዴት ሆን ብሎ አለማወቅን ይመርጣል? እንደምንም ተረጎምኩት። ጋሽ ያዕቆብ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማማታቸው ይሁን ማዘናቸው አልለየሁትም። ሁላችንም ጥናቱ ውስጥ ገባን።

ከዚያ ወዲህ አልወደቅኩም። ወር ሄደ፣ ሌላ ወር መጣ፣ አልወደቅኩም። እማዬ መጀመሪያ ለማንም አትናገሪ አለችኝ፤ ኋላ ራሷ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረች። ዶክተሩ የሚመጣው በአውሮፕላን ነው። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሀል ያለ የሣር ሜዳ ነው፤ ዝናብ ሲያጨቀየው ማንም አያርፍበትም። ስለዚህ የብዙ ጊዜ ኪኒን ለየሰዉ በየብልቃጡ በአንድ ላይ ይሰጠን ነበር። ዶክተሩ ሲመጣ የተረፈውን ይዘን እንቀርባለን፣ እሱ ያያል፣ ይጠይቃል።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ቀን ነው። ቅዳሜ ዶክተሩ ሊመጣ ነበርና ከተራራው የሚመጡት በሽተኞች ቀደም ብለው እኛ ቤት ገብተዋል። ሌላ ቤት ማን ያሳድራቸዋል? እኔ ትምህርት ቢሮ ሄጄ ነበር። ግድግዳው ላይ ለማሠልጠኛው የተመረጡት ስም ተለጥፏል፤ ስሜ አለበት። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ቤቴ ድረስ ሮጥኩ።

በሩን ስገፋ እማዬ፣ ጋሽ ያዕቆብና ሌሎቹ ሰፌድ ከበው ተቀምጠዋል። ባቄላ የሚለቅሙ መሰለኝ። ሰፌዱ ላይ ያለው ግን ነጭ ኪኒን ነው። ክምር ኪኒን። ጋሽ ያዕቆብ በደህናው እጃቸው እያማሰሉት ነው።

«መጣሽ?» አለች እማዬ። «እጅሽን ታጠቢና አካፍዪን፤ ሂሳብ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

«ይሄ ምንድነው?»

«ኪኒን ነዋ።»

«የማን?»

«የሁላችንም» አሉ ጋሽ ያዕቆብ።

«የኔ ብልቃጥ የታለ?»

እማዬ ከጎኗ አንስታ አሳየችኝ። ባዶ ነው። አጥባዋለች። «ጥሩው እኮ ያንቺ ነው ራሔሌ። ሁሉም ያንቺን አመሰገነ። ዘነበችን እያት እስቲ።»

ዘነበች፣ ከበሽተኞቹ አንዷ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህም መውደቋን አልተወችም። ጉንጯ ላይ ገና ያልደረቀ የእሳት ቁስል አለ። ቀና ብላ አላየችኝም።

«እማዬ፣ አብደሻል?»

«አፍሽን ያዢ፤ እንግዳ አለ።»

«እንግዶቹም አብደዋል! ጋሽ ያዕቆብ፣ ዶክተሩ የተናገረውን በገዛ አፌ ነው የተረጎምኩልዎ። እያንዳንዱ የራሱን አላለም?»

«ብሏል።»

«ታዲያ?»

«ዕጣ ነው አለ አይደል?» እጃቸውን ከሰፌዱ አላነሱም። «ቅርጫ ስንገባ ዕጣ እንጥላለን። ግን መጀመሪያ ምን እናደርጋለን? ጉበቱን ለአንዱ መደብ ብቻ እንሰጣለን? አንሰጥም። ቆራርጠን ለየመደቡ እናደርሳለን፣ ከዚያ ነው ዕጣው። ጉበቱን ሁሉ ለአንዷ፣ አጥንቱን ሁሉ ለሌላዋ የሚሰጥ ዕጣ ከየት የመጣ ነው? ዶክተሩ ልጅ ነው፣ በሬ አካፍሎ አያውቅም። አሁን ግማሽ ግማሽ ይደርሰናል።»

የሚያናድደው ነገሩ ትክክል መምሰሉ ነው። ትክክል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ለምን ትክክል እንዳልሆነ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። ጎንበስ ብዬ ከሰፌዱ አንድ አነሳሁና ላስኩት። መረረኝ። ሌላ ላስኩ። እሱም መረረኝ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ጋሽ ያዕቆብ «ተዪ ልጄ፣ ምላስሽ ይላጣል እንጂ አይነግርሽም» አሉኝ። ዘነበች ሳቀች። ያቺ ሴት ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እኔ ግን ላንቃት ደርሼ ነበር።

«ለዶክተሩ እነግረዋለሁ» አልኩ።

እማዬ እጄን ያዘችኝ። «ከነገርሽው ሰብስቦ ይወስድብናል። ያንቺንም ነው የሚወስደው። ደግሞ አንቺ ገና እየዳንሽ!»

ጋሽ ያዕቆብ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ወረደ። «ልጄ፣ እለምንሻለሁ። አትንገሪው።»

እነሱ ተካፈሉ። እኔ ድርሻዬን አልነካም አልኩ። ግማሹ የኔ ካልሆነስ? ግማሹ ዘነበችን ሲጥላት የከረመው ከሆነስ? ሐሙስ ማታ አልዋጥኩም። ዓርብም አልዋጥኩም። መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ክፉ እንደሆነ ዶክተሩ ነግሮን ነበር፤ ያንንም የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ግን የማላውቀውን ከመዋጥና ጨርሶ ካለመዋጥ የቱ ይሻላል? ማንን ልጠይቅ?

ዓርብን በእግሬ ጨረስኩት። ከገበያው ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ሆስፒታሉ በር፣ ከበሩ ተመለስኩ። ብናገር መድኃኒቱን ያቆምብናል። መድኃኒቱ ከቆመ እወድቃለሁ፤ ከወደቅኩ እማዬ ማሠልጠኛ አትሰደኝም። ዝም ብል ደግሞ ዶክተሩ ነገ መጥቶ በእኔው አፍ ይጠይቃቸዋል፣ እነሱ ይዋሹታል፣ ውሸቱን ለሱ የማደርሰው እኔ ነኝ። እሱም ያንን ይዞ ሄዶ ይሄ መድኃኒት ያድናል፣ ያኛው አያድንም ይላል። ዘነበችን የመሰለች ሴት ሌላ አገር ያንን ትውጣለች። ማታ የጸሎት ሰዎች መጡና አንዷ «ምናልባት እኮ ጌታ ራሱ ፈውሶሽ ይሆናል፤ ኪኒኑን ያስተወሽም እሱ ነው» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የባሰ ግራ ገባኝ። ለካ ያልወደቅኩት በምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ወሰንኩ። ሆስፒታል ሳይደርስ፣ ሌሎቹ ሳይሰሙ፣ ሜዳው ላይ እነግረዋለሁ። አውሮፕላን መምጣቱን የሚያሳውቀው ጡሩንባ ሲጮህ ልጆች ከብቶቹን ከሜዳው ማባረር ጀመሩ። አውሮፕላኑ አረፈ። የቅዳሜ ገበያተኛ ሁሉ እንደ ልማዱ ሊያይ ዳር ዳሩን ቆሟል። ዶክተሩ ቦርሳውን ይዞ ሲወርድ አየሁት። ወደሱ ሄድኩ። «ዶክተር፣ የምነግርዎ ነገር አለ» ማለቴን አስታውሳለሁ። «እሺ ራሔል» ሲለኝ አስታውሳለሁ። መነጽሩ ላይ ፀሐይ ነበር።

ቀዳዳው እዚህ ላይ ነው።

እማዬ እንደምትለው ጮኼ ነው የወደቅኩት። ዶክተሩ አልጮኽሽም ይላል። ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ፤ በዚህ ሁሉም ይስማማሉ። አንዱ ክብሪት አውጥቶ ይጭር ጀመር። ጋሽ ያዕቆብ ከየት እንደመጡ ማንም አላየም፤ እኔ እንደምናገር ጠርጥረው ተከትለውኝ ይሆናል፣ ሊያስቆሙኝም አስበው ይሆናል። መጥተው መሬት ተቀመጡ፣ ጭንቅላቴን በተኮማተረው እጃቸው ደግፈው በጎኔ አስተኙኝ፣ አረፋውን በጋቢያቸው ጠረጉት።

«አትንኳት! ይይዝዎታል!» አለ ገበያተኛው።

«ምን ይይዘኛል? ይዞኝ የለ እንዴ!» አሉ።

እማዬ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። እሷ ራሷ እንኳ፣ እናቴ፣ አረፋው እስኪደርቅ ቆማ ነበር የምትጠብቀኝ።

ስነቃ ዓይኔ ተከፈተ እንጂ እኔ አልነበርኩም። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ በአማርኛ ስሜን ጠየቀኝ። አማርኛው ጠፍቶብኝ ነበር። አማርኛ በኋላ የመጣ ቋንቋ ነው፤ ከመውደቅ ስመለስም በኋላ ነው የሚመጣው መሰለኝ። በአሪኛ እናገር ጀመር። ልነግረው እየሄድኩ ስለነበር አፌ የያዘውን ማፍሰስ ቀጠለ። ዶክተሩ ዘወር ዘወር አለ።

«ምን እያለች ነው? አሪኛ የሚሰማ የለም?»

እማዬ ዝም አለች። ቆይታ ነገረችኝ፤ ሆን ብላ ነው። ከዶክተሩ አጠገብ የቀሩት ጋሽ ያዕቆብ ብቻ ናቸው፤ የኔን ጭንቅላት ይዘዋል፤ የገበያ አማርኛ አለቻቸው። እስቲ አስቡት። አትንገሪው ብለው የለመኑኝ ሰው ናቸው። ያልኩትን ቢለውጡት ማን ያውቃል? «ውሃ አምጡልኝ ነው የምትለው» ቢሉ ያልቅ ነበር።

«ዶክተር» አሉ። «ልጅ ይላል፣ መድኃኒት ቀላቀሉ ይላል። ሰፌድ ላይ ሁሉም አንድ ላይ። የኔ ጠፋ ይላል። ሁለት ቀን እኔ አልዋጠም ይላል።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «ማን ነው የቀላቀለው?»

እኔ ስም አልጠራሁም። እማዬ በዚህ ትምላለች፤ የማንንም ስም አልጠራሁም።

«ልጅ ስም አላለም» አሉ ጋሽ ያዕቆብ። «እኔ ይላል። እኔ ያዕቆብ ቀላቀለ። ዘነበች በጣም ወደቀ፣ እሱ አሳዘነኝ።»

ዶክተሩ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ ይላሉ። ልብሱ ሳይገደው፣ ቦርሳውን ታቅፎ፣ ቁጭ።

እኔ ወደ ራሴ የመጣሁት የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ነው። ሰውነቴ ተወቅጧል፣ ምላሴን ነክሻለሁ፣ አፌ ውስጥ ሣር አለ። ሁሉም ዙሪያዬን ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ቆሞ ሲናገር ግማሹ ነው የሚሰማኝ፤ ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«ከዛሬ ጀምሮ እናንተ ከጥናቱ ትወጣላችሁ» አለ። «ማን ምን እንደወሰደ አሁን መለየት አይቻልም። የተቀላቀለውን ሁሉ መልሱልኝ።»

ማንም አልተረጎመም። መተርጎም አላስፈለገም፤ ፊቱ ይናገራል። ዘነበች ኩታዋን አፏ ላይ ያዘች።

ተነስቼ ግድግዳውን ተደግፌ ጠየቅኩት። አማርኛዬ ተመልሶ ነበር፣ ጨዋነቴ ግን ገና አልተመለሰም። «ታዲያ እንሙት?»

«ማን ሙቱ አላችሁ? የቆየው መድኃኒት እዚህ ሆስፒታል አለ። ለሁላችሁም ከዛሬ ጀምሮ ይሰጣችኋል። ለዘነበች መጠኑን አይቼ አስተካክላለሁ። እሱ እኮ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ አዲሱ ይብለጥ አይብለጥ ነበር ጥያቄው።»

«እኔ ስወስደው የነበረውስ የቱ ነው? እንዳልወድቅ ያደረገኝ?»

«አላውቅም።»

«የሚያውቀው ማነው?»

«አዲስ አበባ ያለ ሰው። ጥናቱ ሲያልቅ ይታወቃል፤ ያኔ እነግርሻለሁ።» ከዚያ ወደ ጋሽ ያዕቆብ ዞረ። የሚቆጣቸው መስሎኝ ነበር። «በላቸው» አለኝ፣ ከዚያ አረመ፤ «በያቸው፤ እኔ ብልቃጡን ስሰጥ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ማሰብ ነበረብኝ።»

ማታ እማዬ ጋሽ ያዕቆብን ያዘቻቸው። «አንተ ሰው፣ ምን ነበር ዝም ብትል? እሷ አታስታውሰው! ማን ያውቅብህ ነበር?»

እሳቸው ጎደሬያቸውን እየላጡ ነበር። «ይቺ ልጅ ስንት ጊዜ የኔን ቃል ለዶክተሩ አደረሰች» አሉ። «አንድ ቀን አጣመመችብኝ? ታዲያ የሷን እኔ ላጣምም?»

እማዬ ቢላ አንስታ ከጎናቸው መላጥ ጀመረች።

እናንተ የምታነቡ፣ ከዚህ በኋላ ሁሉም ግልጽ ሆነልኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ነበር። አልሆነልኝም። በቆየው መድኃኒት እንቅልፍ እንቅልፍ እያለኝ፣ አልፎ አልፎ እየወደቅኩም ቢሆን ማሠልጠኛ ገባሁ። እማዬ ለምን እንደፈቀደች እስከ ዛሬ በቅጡ አልነገረችኝም። «ሜዳው ላይ ሰው ሲይዝሽ አየሁ» ትላለች፣ በቃ። ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መኝታ ክፍሌ ያሉትን ሴቶች ሰብስቤ እወድቃለሁ፣ ስወድቅ በጎኔ አስተኙኝ፣ ክብሪት አትጫሩብኝ ማለት ነው። ሁለቱ አልጋቸውን አራቁ። አንዷ አላራቀችም። ድሮ ቢሆን ሦስቱንም እደብቃቸው ነበር፤ አንዷንም አላገኛትም ነበር ማለት ነው።

ዶክተር መኮንን አልነገረኝም። ይዛወር፣ ይርሳ፣ ጥናቱ ይቁም አላውቅም። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ጥናት የምታጠኑ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ በግልጽ ልናገር፤ ኪኒኑን የምንውጠው እኛ ነን፣ መልሱን አምጡልን። በኛ አገር ደግሞ አንድ ቤት የገባ ነገር የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ያንን ሳታውቁ ብልቃጥ አታድሉ። በሌላ በኩል፣ ያ መካፈል ደግ ነገር ነበር ብዬ ላሞካሸውም አልችልም። በደግነት ነው መልሱን ያጠፋነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው፣ ግን ሁለቱም እውነት ነው።

አሁን ዲመካ የምትባል ከተማ አስተምራለሁ። በዚህ ዓመት ሌሎች ሐኪሞች ጂንካም እዚህም መጥተው ሌላ አዲስ መድኃኒት እንደሚያጠኑ ነገሩን። እማዬ ጂንካ ሆና ሰምታ «የያዝሽውን ትተሽ ደግሞ ዕጣ?» ብላ ሰው ላከችብኝ። ጋሽ ያዕቆብ አልገባም ብለዋል፤ የቆየው ተስማምቷቸዋል። እኔ ሐኪሞቹን ብዙ ጠየቅኳቸው። ኪኒኑ በየሰዉ ቤት እንዳይቀመጥ፣ ጤና ጣቢያው ሄደን እንድንውጥ አድርጉ አልኳቸው፤ እሺ አሉ። ውጤቱን ትነግሩናላችሁ ወይ አልኳቸው፤ እንነግራለን አሉ። አመንኳቸው? በግማሽ።

ገባሁ። የቱ እንደደረሰኝ አላውቅም፣ የሰጠኝም አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ጤና ጣቢያው ሄጄ አንዷን ዋጥኩ። ከዚያ ልጆቼን ማባዛት አስተማርኩ፤ ጠመኔውን ይዤ እስከ ምሳ ቆሜ ዋልኩ።